እጀ ወርቅ

ፀጉር አስተካካዩን ደንበኞቹ «እጀ ወርቅ» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት በጎልማሳነቱ ነው፤ ያኔ ጺም ሲላጭ ምላጩ ቆዳ መንካቱ እንኳ አይታወቅም ነበር። አሁን የሚያውቁት ሁሉ ጠዋት አይመጡበትም። ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጣል። ረፋዱ ላይ ከመስታወቱ ጀርባ ከሸጎጣት ጠርሙስ ሲጎነጭ ቀጥ ይላል፤ ወረፋውም ያኔ ይጀምራል። የማያውቅ ሰው በጠዋት ከመጣ፣ በሩ ላይ የሚቀመጠው ጫማ ሰፊ፣ «ወንድሜ፣ ቆየት ብለህ ተመለስ። እጁ ገና ከእንቅልፉ አልተነሳም» ይለዋል። ሰው ይስቃል። እጀ ወርቅም አብሮ ይስቃል።

ሚስቱ ግን መጀመሪያ መሳቁን፣ ቀጥሎም ቤቱን ትታ ልጃቸው ጋ ገብታለች።

አንድ ቀን ልጁ ሱቁ ድረስ መጣች።

«አባዬ፣ የልጄን የመጀመሪያ ፀጉር አንተ ብትቆርጠው ደስ ይለኛል። እሑድ ጠዋት ና። መጠጥ መጠጥ እየሸተትክ ከመጣህ ግን ከበር እመልስሃለሁ።»

«የልጅ ልጄን ራስ ለሌላ ብሰጥማ እጄ ይቆረጥ» አላት።

ቅዳሜን ሳይቀምስ ዋለ። ሌሊቱን ላብ ሲያጠምቀው አደረ። ጠዋት መቀሱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ «ለክፉም ለደጉም» ብሎ ትንሽ ጠርሙስ ኮቱ ኪስ ከትቶ ሄደ። ልጁ ስታቅፈው ትንፋሹን አሸተተች፤ አስገባችው።

ሕፃኑ ሴት አያቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። እጀ ወርቅ መቀሱን አነሳ። መቀሱ ፀጉሩ ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ተንቀጫቀጨ። ከሕፃኑ ጆሮ አጠገብ ሲደርስ ሚስቱ የሕፃኑን ራስ በመዳፏ ሸፈነች።

«እጄን ልታጠብ» ብሎ መታጠቢያ ቤት ገባ። ጠርሙሷን አውጥቶ ክዳኗ ላይ ጣቱን አሳረፈ። አንድ ጉንጭ ብቻ ነው፤ እጁ ወርቅ ይሆናል። ከዚያ ልጁ ታሸተዋለች። መስታወቱ ውስጥ ዓይኑን ብጫ ሆኖ አየው።

ሲወጣ ጠርሙሷን እንደታሸገች ከመቀሱ ጎን አስቀመጣት።

«ያለሷ አልችልም» አለ።

ልጁ መቀሱን አነሳች።

«እሺ፣ ከየት ልጀምር?»

«ከማጅራቱ። ማበጠሪያውን አስቀድሚ፣ መቀሱን አታስቸኩይው።»

እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል አጣብቆ ተቀመጠ። ልጁ ስትቆርጠው የሕፃኑ ፀጉር ተንጋደደ።

«ነገ ሐኪም ቤት አብሬህ እሄዳለሁ» አለችው ሚስቱ። «የለመደ ሰው ብቻውን በድንገት ሲያቆምም አደጋ አለው ይላሉ።»

ሰኞ ሱቁ ዝግ ዋለ። ጫማ ሰፊው ለሚመጣው ሁሉ፣ «እጁን ሊታከም ሄዷል» ይል ነበር። የሳቀ ሰው አልነበረም።