ጉልበቴን የመለሰው ዋልስ

በሃምሳ ዓመታቸው ከዘራ የሚይዙ ሰዎችን እንቃለሁ። ዕድሜ አጎበጠን ይላሉ። ውሸት ነው፤ ያጎበጣቸው ወንበር ነው። እኔ ሰማንያን አልፌ ዛሬም ከሹም አቦ ሰፈር እስከ ሐይቁ ዳር ያለ ከዘራ እሄዳለሁ። ለዚህ የማመሰግነው ሰው ቢኖር ራሴን ነው።

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የሽመና ማሽን መካኒክ ነበርሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም፤ ማሽኑን እየፈታሁ፣ እየገጠምሁ ነው የተማርሁት። ወረቀት ይዘው የመጡት ልጆች ማሽን ሲቆም መጀመሪያ መጽሐፍ ይገልጣሉ። እኔ ጆሮዬን አስጠግቼ እሰማና ከሥር እገባለሁ።

ሃምሳ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ግን ከማሽን ሥር መውጣት አቃተኝ። ጉልበቴ አልታጠፍ፣ ከታጠፈም አልዘረጋ አለ። አንድ ቀን ሁለት ሰዎች በብብቴ ይዘው ጎትተው አወጡኝ። የፈረቃ አለቃዬ፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን ሰው፣ ቆሞ ያይ ነበር። በማግስቱ «ጋሼ፣ ይበቃዎታል፤ ይረፉ» አለኝና በሐኪሞች ቦርድ ታይቼ በሕመም ጡረታ እንድወጣ ደብዳቤ ጻፈ። ቦርዱ የቀጠረኝ ከስምንት ወር በኋላ ነበር። እስከዚያው መሣሪያ ክፍል ውስጥ ወንበር ሰጡኝ። እኔን መፍቻ አዳይ አደረጉኝ! የማሽኖቼን ድምፅ በግድግዳ በኩል እየሰማሁ፣ የትኛው ሊቆም እንደሆነ እያወቅሁ፣ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ቦርዱ ካስወጣኝ ደግሞ ድምፁም ይቀርብኛል።

እኩዮቼ ሁሉ መካሪ ሆኑ። አንዱ የዘንዶ ስብ ተቀባ አለኝ። ሌላው «ብርድ ነው፣ ጋቢ ደርብ» አለኝ። ሁሉም ተቀምጠው ነው የሚመክሩት። ሆስፒታል ያየኝ ሐኪም ብቻ «ጉልበትዎ ዝጓል፤ በቀን አንድ ሰዓት ያንቀሳቅሱት» አለኝ። እንዴት እንደማንቀሳቅሰው ግን አልነገረኝም። ከሥራ መልስ በእግሬ እንዳልዞር የቀበሌ ጥበቃው በየማዕዘኑ «ወዴት ነው?» ይላል። እስክስታ ለምን አልመታህም የሚል ይኖር ይሆናል። እስክስታ የትከሻ ነው፤ የኔ ትከሻ ደግሞ አልታመመም።

ዘዴውን ከራሴ ጭንቅላት አወጣሁት። ከአብዮቱ በፊት ሐይቁ ዳር በነበረ ሆቴል የጄኔሬተር ሠራተኛ ሆኜ ነበር። የጄኔሬተሩ ቤት ከአዳራሹ ዝቅ ስለሚል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሹማምንቱና ፈረንጆቹ ዋልስ ሲደንሱ በመስኮቱ የሚታየኝ እስከ ጉልበታቸው ብቻ ነበር። አስተናጋጆቹ ቀሚስና ሐብል ሲያዩ እኔ እግር አየሁ። አንድ ረጅም እርምጃ፣ ሁለት አጭር፤ ጉልበት ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ይዞራል። እስከ መጨረሻው የሚቆዩት ጫማዎች የእነማን እንደሆኑ ሲወጡ አይ ነበር፤ የሽበታም ፈረንጆች ናቸው። የኛዎቹ ወጣት ሹማምንት በሁለት ዙር አልቀው ወንበር ይፈልጋሉ።

ባለቤቴን «ተነሺ» አልኋት።

«በስተርጅና? ሰው ምን ይለናል?»

«ሰው ተቀምጦ ያውራ። አንቺ ቆመሽ ስሚው።»

«እሺ፣ እጄንስ የት ላድርገው?»

እጅማ አላየሁም። እኔ የማውቀው እግር ነው። ጥቂት አሰብሁና፣ ክረምት የሞላ ወንዝ ሲሻገሩ እንደሚያያዙት ክንድ ለክንድ ተያያዝን። ከዚህ የተሻለ አያያዝ የለም፤ አንዱን ቢያዳልጠው ሌላው ያስቀረዋል።

ሬዲዮው አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰማው የሰልፍ ዜማ ነበር። ሰልፍ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ነው፤ ሰውን ያደክማል እንጂ አያዞርም። የጎጃም ዘፈን ሲመጣ ግን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ከእግራችን ጋር ልክ ገጠመ። ይህንንም ማንም አላስተማረኝ። ዘፈን ከሌለ ባለቤቴ ትቆጥራለች። በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ደቂቃ አልሞላንም። በሦስተኛው ወር አንድ ሰዓት ሞላን፤ የእሷም የእግር እብጠት ጎደለ።

ከግድግዳችን ወዲያ የፋብሪካው ዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ይኖር ነበር። ከእኔ በስድስት ዓመት ያንሳል፤ ደረጃ ሲወጣ ግን መሐል ላይ ቆሞ የሚጸልይ ይመስላል። ይህ ሰው ለቦርዱ ሳምንት ሲቀረኝ በፋብሪካው የውይይት ክበብ ከሰሰኝ።

ሰብሳቢው ካድሬ አስነሥቶ ጠየቀኝ። «ጓድ፣ ቤትዎ ውስጥ የቡርዧ ዳንስ ይደንሳሉ የተባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«በሳምንት ስንት ቀን?»

«ሰባት።»

አዳራሹ ሳቀ። ጎረቤቴ ብድግ አለ። «አንድ ሰዓት ሙሉ እኮ ነው ጓዶች! እረፍት የላቸውም! ግድግዳው ይነቃነቃል!»

«አንድ ሰዓት ሙሉ ጆሮህን ግድግዳ ላይ ለጥፈህ ነው? ምነው፣ ሚስትህ አታናግርህም?» አልሁት።

ሳቁ እስኪበርድ ጠበቅሁና ቃለ ጉባኤ ያዡን «ያለ እረፍት ያለውን እንዳትረሳ፤ ጻፈው» አልሁት። ሞኙ ካድሬ ጥፋቴን የማምን መስሎት «ይጻፍ» አለ። ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ዳንሱንም እንዳቆም ተወሰነ። የቃለ ጉባኤውን ግልባጭ ማኅተም አስመትቼ ወሰድሁ።

ቦርዱ ሦስት ሐኪሞች ነበሩ። መሐል የተቀመጠው ሽበታም የአለቃዬን ደብዳቤ አነበበ፤ «ጉልበቱ አይታጠፍም፣ ቆሞ መሥራት አይችልም» ይላል። እኔ ደግሞ ቃለ ጉባኤውን ሰጠሁት። «በየዕለቱ አንድ ሰዓት ሙሉ ያለ እረፍት» የሚለው ላይ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀ።

«አባቴ፣ ማነው የከሰሰዎ?»

«ጎረቤቴ ነው። እግዜር ይስጠው።»

«እስቲ ያሳዩን።»

ባለቤቴን ከውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ጠራኋት። ነጠላዋን አጥብቃ አሰረችና በሹክሹክታ እየቆጠረች በጠረጴዛውና በአልጋው መሐል ዞርን። ሐኪሙ «እግራችሁ ልክ ነው፤ እጅ ግን የሚያርፈው ወገብ ላይ ነው» አለ። ውጭ አገር የተማረ ሰው ስለሆነ ይህን ማወቁ አልገረመኝም፤ እኔ ግን አያያዜን አልለወጥሁም። ጉልበቴን አጥፎ ዘርግቶ አየና «ለሥራ ብቁ ነው» ብሎ ፈረመ። ወረቀቱን ሲሰጠኝ «ዳንሱን አያቁሙ። ይህን ግን እኔ አልነገርኩዎትም» አለኝ።

በማግስቱ የሽመናው አዳራሽ ስገባ አንድ ማሽን ቆሞ፣ ሁለት ወረቀት ያላቸው ልጆች መጽሐፍ ገልጠው ነበር። ከሥር ገባሁ። የላላ ብሎን ነበር፤ በሁለት ደቂቃ አጠበቅሁት። ግን አልወጣሁም። የፈረቃ አለቃዬ ጫማ በአጠገቤ መጥቶ እስኪቆም በርከክ እንዳልሁ ጠበቅሁ። ከዚያ ምንም ሳልደገፍ፣ እጆቼን ወደኋላ አጣምሬ፣ ወጥቼ ፊት ለፊቱ ተነሣሁ።

«በርቱ፣ ጋሼ» አለኝ።

ማሽኑን አስነሣሁትና ወደሚቀጥለው ሄድሁ።