አኮርዲዮኑ ያለበት አዳራሽ

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ማትሪክ ሳይመጣልኝ በቀረበት ዓመት ቀበሌው ለኪነት ቡድኑ መለመለኝ። መለመለኝ የምለው በጨዋ ቋንቋ ነው። ሊቀ መንበሩ ቤታችን ድረስ መጥቶ እናቴን፣ «ልጅሽ ሠርግ ላይ ስታዜም ሰምተናል፤ ድምጿ ለአብዮቱ ያስፈልጋል» አላት። እናቴ ልትመልስለት አፏን ከፈተችና እኔን አይታ ዘጋችው። በማግስቱ አዳራሽ ተገኘሁ።

አዳራሹ የቀበሌው ይባል እንጂ ቀድሞ የጴንጤዎች ጸሎት ቤት ነበር። ቤቱ ሲወረስ አግዳሚ ወንበሮቹና አንድ ትልቅ ቀይ አኮርዲዮን አብረው ተወርሰዋል። መስቀል ይሰቀልበት በነበረው ግድግዳ ላይ የሦስቱ ጢማሞች ሥዕል ተሰቅሏል። እዚያ ሥር ቆመን ስለ ምርት ዘመቻ እንዘፍናለን። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ዜማ መፍጠር እወድ ነበር፤ ሁሉቃ ወንዝ ልብስ ሳጥብ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ እያደረግሁ የራሴን እገጥም ነበር። አዳራሹ ውስጥ ግን ግጥሙ ከላይ ተጽፎ ይመጣል። አንድ ቀን መቅረት እንኳ ያስጠይቃል፤ «የት ነበርሽ? ከማን ጋር ነበርሽ?» ነው።

አኮርዲዮኑን የሚጫወት ሰው ስላልነበረ ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ነበር። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ሳለን አንድ ቀጭን ሰው ገባ። ጉደር ተወልዶ እዚሁ አምቦ ያደገ፣ በጤና ጣቢያው የሚሠራ ድሬሰር ነው፤ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፣ መርፌው አያምም ይባልለታል። ጴንጤ መሆኑንም ሁሉም ያውቃል። ኪነቱን የሚመራው ካድሬ ፊት ቆመና፣ «ልመዘገብ ነው የመጣሁት። አኮርዲዮን እችላለሁ» አለ።

ካድሬው ደስታውን መደበቅ አቃተው። ጸሎት ቤቱ የተዘጋበት ሰው በራሱ እግር መምጣቱ ለእሱ ትልቅ ድል ነበር።

እኔ ግን አልገባኝም። ከተላመድን በኋላ፣ «ኦቦ፣ አስገድደውህ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ሁላችንም በኦሮምኛ ኦቦ፣ ጋሼ እንደማለት፣ ነበር የምንለው።

«ማንም አላስገደደኝም» አለኝ። ከዚያ አኮርዲዮኑን በዓይኑ እያሳየኝ፣ «ይሄ እዚህ ነዋ ያለው። የት ልሂድ?»

ያንን መሣሪያ ልጅ ሆኖ በዚያው ቤት ነበር የተማረው። ሌላ አኮርዲዮን በአካባቢው የለም። ሊነካው የሚችለው የእነሱን ዘፈን ከተጫወተላቸው ብቻ ነው፤ እና መጣ። የገዛ ወንድሞቹ፣ በየቤቱ ተደብቀው የሚጸልዩት፣ መንገድ ላይ ሲያዩት ፊታቸውን ያዞሩ ጀመር። ሚስቱም ማታ ማታ ታለቅስ እንደነበር ነግሮኛል።

ያም ሆኖ ሙዚቃን ያስተማረኝ እሱ ነው። እስከዚያ ድረስ ከጉሮሮዬ ነበር የምጮኸው። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ትንፋሽሽን ከሆድሽ አምጪው። ጉሮሮሽ በር ነው እንጂ ጎተራ አይደለም» ይለኝ ነበር። ካድሬው ወደ ውጭ ሲወጣ ደግሞ ጣቶቹ ሳያስቡት ወደ መዝሙር ያመልጣሉ። እኔ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ካድሬው ሲመጣ እስላለሁ፤ መዝሙሩ እዚያው ላይ የሰልፍ ዘፈን ይሆናል። በከተማው ውስጥ ሳል እንደሚበዛብኝ ተወርቶ እናቴ ጤና አዳም አፍልታ አጠጣችኝ።

ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን በወለደች ሰሞን ወሬው መጣ። የኪነት ቡድኖች ሊወዳደሩ ነው፤ ከጌዶም፣ ከጉደርም፣ ከአዲስ ዓለምም ይመጣሉ። የተሻሉት ተመርጠው ሰሜን ለሠራዊቱ ወደሚዘፍነው ቡድን ይላካሉ። ካድሬው ይህን እንደ ምሥራች ነገረን፤ አጨበጨብን። ኦቦ ሲያጨበጭብ እጁ ድምፅ አልነበረውም።

በኋላ ውጭ ቆመን፣ «ጥሩ ከተጫወትኩ ይወስዱኛል» አለኝ። «ካበላሸሁ ደግሞ አሻጥር ነው ይሉኛል። ጴንጤ ነኝ፣ ማን ያምነኛል?»

አንድ ሁለቴ ልምምድ ላይ ለማበላሸት ሞከረ። አያውቅበትም። ጣቱን ሆን ብሎ ከተሳሳተ ቦታ ሲያሳርፍ ፊቱ እንደታመመ ሰው ይጨማደዳል፤ ወዲያው ይመልሰዋል። ካድሬው ግን አየው። «ጓድ፣ ዛሬ ምን ነካህ?» አለ ረጋ ብሎ። ያች ረጋ ያለች ድምፅ ከጩኸት ይልቅ ታስፈራ ነበር።

ሳስብበት ሰነበትኩና ካድሬው ዘንድ ሄድኩ። «ሰፊው ገበሬ በቋንቋው ሲዘፈንለት ይገባዋል። አንድ የኦሮምኛ የአጨዳ ዜማ አለኝ» አልኩት። የራሴ ነበር፤ ወንዝ ዳር ያወጣሁት። ወደደው። ለውድድሩ ያዘጋጀሁት ድምፅ ብቻዋን እንድትቆም፣ አኮርዲዮኑ ከሥር ዝም ብሎ እንዲያንጎራጉር አድርጌ ነው። እሱ እንዳይታይ።

ኦቦ ገና አንዴ እንደተለማመድነው ገባው። «ሂንታኡ፣ አይሆንም። አንቺን ይወስዱሻል።»

«እኔ ልጅ የለኝም» አልኩት።

ይህ እውነት ነበር፤ ግን ሙሉው እውነት አልነበረም። መሄድም አምሮኝ ነበር። ከዚያ አዳራሽ፣ ከዚያ «የት ነበርሽ» የምወጣበት ሌላ በር አይታየኝም ነበር። የራሴን ዜማ የማያውቀኝ ሰው ሲሰማው ማየትም እፈልግ ነበር።

የውድድሩ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ስጀምር ሰው ያወራ ነበር፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ጸጥ አለ። ከኋላ የቆሙ የገጠር ሴቶች መቀበል ጀመሩ። ኦቦ አንገቱን ደፍቶ አንዲት ድምፅ ብቻ ይዞ ቆየ። በሕይወቴ እንደዚያ ዘፍኜ አላውቅም።

ዳኞቹ ተንሾካሾኩ። ከአዲስ አበባ የመጣው ሰውዬ ስሜን ጠርቶ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። ከዚያ ወደ ኦቦ ዞረ።

«መሣሪያው የማን ነው?»

«የቀበሌው ንብረት ነው» ብሎ ካድሬው ቀደመ።

«የእኛ ተሰብሯል። ተጫዋች አለን። ይኼንን ከልጅቷ ጋር እንወስደዋለን።»

ኦቦ ቀበቶውን ከትከሻው ቀስ ብሎ አወለቀ። አኮርዲዮኑን በጨርቅ ጠርጎ ማሰሪያውን ቆለፈና፣ «ዝናብ እንዳይነካው» ብሎ ለሰውዬው ሰጠው። ሚስቱ በነጋታው ሕፃኗን አዝላ ቤታችን መጣች። እናቴ ስታለቅስ ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዋሉ።

የወጣሁበት በር የገባሁበት እንደነበር ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። ሰሜን፣ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ሸራ ሥር እየተጫንን ከጦር ሰፈር ጦር ሰፈር እንዞር ነበር። የአጨዳ ዜማዬን ወሰዱና ቃሉን ቀየሩት፤ ማጭዱ ጠብመንጃ ሆነ። የገዛ ዜማዬን በሰው ቃል ለዓመታት ዘፈንኩት። ከፊት የሚቀመጡት ወታደሮች ከእኔ የሚያንሱ ልጆች ነበሩ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስንመለስ ሌሎች ናቸው። ልልቀቅ ብዬ ጠይቄ፣ «ወታደር ግንባሩን ይለቃል?» ተባልኩ። ሠራዊቱ ተሸንፎ ሲበተን፣ በመጨረሻው ሽሽት መኪናችን መንገድ ላይ ቆመ፤ አኮርዲዮኑም ልብሳችንም ያለው ሁሉ እዚያው ቀረ። በእግርም በመኪናም አምቦ ገባሁ። እናቴ መጀመሪያ አላወቀችኝም።

ትንሽ ካረፍኩ በኋላ ጉደር ሄድኩ። ኦቦ ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሶ፣ ጠጉሩ ሸብቶ፣ የልጆች አባት ሆኗል። ጸሎት ቤቶቹ ተከፍተው ነበር። ወንድሞቹ ይቅር ብለውት መዘምራን እያሠለጠነ ነው፤ በጭብጨባ ብቻ። ስለ አኮርዲዮኑ ስነግረው፣ «አንቺስ?» አለኝ።

ግቢው ውስጥ ጥቂት ልጃገረዶች ተሰብስበው ነበር። «ትንፋሽ አስተምሪልኝ። ከእኔ ይልቅ አንቺን ይሰሙሻል» አለኝ።

«እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፤ ምን ይሉሃል?»

«ትንፋሽ ሃይማኖት የለውም። በይ፣ ጀምሪ።»

ፊታቸው ቆምኩ። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። ሳላስበው በግቢው በር በኩል ማን እንደቆመ ለማየት ዞርኩ። ማንም አልነበረም። አሁንም ዘወር ብዬ አየሁ። ያ ሁሉ ዓመት እንዲህ አድርጎኝ ነበር፤ ፈቃጅ ካልቆመ ድምፄ አይከፈትም።

ልጆቹ መጠበቅ ሰለቻቸው። አንዷ፣ ከሁሉም ደፋሯ፣ ራሷ ያወጣችውን መዝሙር በኦሮምኛ ጀመረች። ከጉሮሮዋ ነበር የምትጮኸው፤ ከፍታውም ከአቅሟ በላይ ነው። ጠጋ ብዬ መዳፌን ሆዷ ላይ አደረግሁላት።

«ከዚህ» አልኳት። «ዝቅ አድርገሽ ጀምሪው።»