የባጃጇ ቤት ምርጊት

የቦካ ጭቃ ሽታ ይጎመዝዛል፤ ጭዱ ውኃ ውስጥ ከርሞ ሲበሰብስ የሚያወጣውን ያን ሽታ ያልለመደ ሰው አፍንጫውን ይዞ ይሸሻል፣ እኔ ግን ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ ማድ ቤቷን ልታስመርግ ጭቃ አስቦክታ ሽታው አጥሩን ተሻግሮ ሲመጣብኝ፣ የመኪናዬን ቁልፍ እንደያዝኩ ደጃፌ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ወዲያው የአባቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ጮኸ፦ «አልቦካም ገና! ማንም እንዳይነካው!»

ያኔ የምንኖረው አሶሳ ዳር ነበር። አባቴ በልጅነቱ በሰፈራ ከወሎ ከመጡት አንዱ ነው፤ ሲያርስም ሲነግድም ኖሮ በመጨረሻ አንድ ያገለገለች ባጃጅ ገዛ። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ እንዲነዳት ነበር ሐሳቡ። የሰይድ ልብ ግን ጉባ፣ የሕዳሴው ግድብ ሥራ ላይ ነበር። ከእሱ ቀድመው የሄዱት የሰፈሩ ጎረምሶች ለዕረፍት ሲመጡ የሥራ ቆባቸውን እንኳ ሳያወልቁ ገበያ መሐል ይንጎራደዱ ነበር፣ እሱም እነሱን ባየ ቁጥር እህል አልወርድ ይለው፣ ተነስቶ በር ላይ ይቆም፣ ይመለስ፣ ደግሞ ይወጣ ነበር። «ብየዳ የተማርኩት ባጃጅ ላይ ልቀመጥ ነው?» እያለ ያጉረመርማል። እናቴም «ኧረ በአላህ አንድ ቦታ ተቀመጥ! እኔን አዞርከኝ እኮ!» ትለው ነበር።

ጥር ላይ አባቴ የተሸነፈ መሰለ። «እሺ፣ ሂድ» አለው። «ግን ባጃጇን ፀሐይና ዝናብ ላይ ጥለህብኝ አትሄድም። ቤት እንሥራላት፤ ግድግዳው ተመርጎ ያለቀ ዕለት ትሄዳለህ።» ሰይድም በአላህ ስም ቃል ገባ። ይሄ ቃል ነው እንግዲህ ያን ሁሉ ወራት ቤታችንን ሲያተራምስ የከረመው።

ሰይድ ቸኩሎ ስለነበር ቋሚው በፍጥነት ቆመ፣ ቆርቆሮውም ተመታ። ማገሩን ግን አባቴ «ለእኔ ተውልኝ» ብሎ፣ ቀርከሃውን ራሱ እየፈለጠ ራሱ መታው፣ ሲመታም ለስላሳውን ጀርባ ወደ ውጭ እያደረገ ስለነበር ግድግዳው ሲያብረቀርቅ እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ! ከዚያ ጉድጓድ ተቆፍሮ ጭቃው ገባ፣ ጭዱ ተነሰነሰበት፣ እኔና ሰይድ ጠዋት ጠዋት እየገባን እንረግጠው ነበር። አባቴ ይመጣል፣ ጎንበስ ብሎ ያሸታል፣ በጣቱ ያሸዋል። «አልቦካም ገና» ይላል። በሳምንቱም ያው፣ በሚቀጥለውም ያው ነበር። ሰይድ ጥርሱን እያፋጨ ይረግጣል፤ እኔም እሱን እያየሁ እንዲሄድ ይሁን እንዲቀር የምፈልገው ለራሴም አልገባኝም።

በመጨረሻ አባቴ ፈቅዶ መረግነው። ግን በማግስቱ ስንነሳ ጭቃው ከቀርከሃው ላይ ተንሸራትቶ ግድግዳው ሥር ተከምሯል። እንደገና መረግነው፣ እንደገና ወረደ። ጎረቤታችን ጋሽ አደም፣ የበርታ ሰውና የአባቴ የቅርብ ወዳጅ፣ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይስቅ ነበር። «አሊ! ቀርከሃ ጀርባው ጭቃ አይዝም፣ ወላሂ። ሻካራ ሆዱን ወደ ውጭ አድርግ!» አባቴ ራሱን ይነቀንቅና አንዲት ማገር ገልብጦ ሌላውን እንዳለ ይተወዋል። ሰፈሩም «የወሎ ሰው ስለ ቀርከሃ ምን ያውቃል» እያለ መሳቂያ አደረገው፣ እኔም በአባቴ አፍር ነበር።

የካቲት አልፎ መጋቢት ሲገባ ነፋሱ አቧራ እያስነሳ ሁላችንንም አስጨነቀን። እናቴ አላስችል አላት። «ለምን መራጊ አንጠራም? ሰው ቢገባበት ከጁምዓ እስከ ጁምዓ ያልቃል!»

«የገዛ ግድግዳዬን ሰው ቀጥሬ? እጅ የለኝም?»

«እጅህንማ አየነው፣ መሬት ላይ ተከምሯል።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ዘይነባ።»

«ልጁ እኮ እየከሳ ነው፣ አሊ። አካሉ እዚህ ቢቀመጥ ልቡ ከሌለ ምን ይሠራልሃል?» አለችው። አባቴ መዶሻውን አስቀምጦ ወደ ባጃጇ ሄደና የጠራውን መስተዋት መልሶ ይወለውል ጀመር።

ሚያዝያ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ነፋስ ቀላቅሎ መጣና የፍየሎቹን በረት ገመሰው። ያን በረት አባቴ እኔ ሳልወለድ ብቻውን የሠራው ነው ይባላል። ሰይድ ሊጠግነው ሄዶ ድምፁ ጠፋብኝ። ብከተለው፣ ጭቃው የተነሳበት ቦታ ላይ እጁን አሳርፎ ቆሟል። ማገሩ ቀርከሃ ነው፤ አንዱም ሳይቀር ሆዱ ወደ ውጭ ነው።

«ከድጃ፣ ይሄን የሠራው አባባ ነው አይደል?»

«አዎ፣ ለምን?»

አልፎኝ ወደ አባባ ሄደ። በቃ አሁን ተጣልተው ቤታችን ሊፈርስ ነው ብዬ በፍርሃት ተከተልኩት። አባቴ ባጃጇ ላይ፣ በሹፌሩ ቦታ፣ የትም ሳይሄድ ተቀምጦ ነበር።

«አባባ» አለ ሰይድ፣ «መራጊ እንጥራ እንዴ?»

አባቴ የሰይድን ጭቃ የነካ እጅ አየ፣ ከዚያም ፊቱን አየ፣ ከየት እንደመጣም የገባው መሰለኝ። «አይ» አለ ቀስ ብሎ። «እኛው እንጨርሰዋለን፣ ልጄ።»

ማገሩን አንድ በአንድ ነቅለው ገለበጡት። የገረመኝ ግን ሰይድ መቸኮሉን መተዉ ነበር። ጭቃው በደንብ ቦክቶ፣ ገና ከሩቅ እየሸተተ፣ እሱ ጎንበስ ብሎ አሸተተና «አልቦካም ገና» አለ። አባቴ መጀመሪያ ከት ብሎ ሳቀ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ በክንዱ ዓይኑን ጠረገ። ዓይኑ ጭቃ ገብቶበት ነው ብዬ ውኃ አመጣሁለት፣ ልጅ ነበርኩ። ግድግዳው የሰኔ ዝናብ ሳይከብድ አለቀ፣ ሰይድንም መናኸሪያ ድረስ በባጃጇ ያደረሰው አባቴ ራሱ ነው። ሲመለስ አዲሱ ቤት አስገብቷት፣ በሩን ከውስጥ ዘግቶ ብዙ ቆየ።

አባቴ አሁን የለም፣ አላህ ይዘንለት። ሰይድ ከግድቡ ወደ ሌላ ሥራ፣ ከዚያም ወደ ሌላ አገር ሥራ እያለ ይኸው ስልክ ላይ ብቻ ቀረ። እኔ ደግሞ የብሎኬት ቤት ሠርቼ፣ የመኪና ማቆሚያውን ግድግዳ በጂፕሰም ቦርድ ላስለብሰው ነው። ቦርዱ ከተገዛ ቆየ፤ ግድግዳውን ተደግፎ አቧራ ይጠጣል። ዛሬ ሠራተኛ ሞልቷል፣ ጠዋት ገብቶ በማግስቱ ጨርሶ ይወጣል፣ ጭቃ የለ፣ ጭድ የለ። ሰይድ ግን ቦርድ መግዛቴን ስነግረው «ሰው እንዳትቀጥሪ! እኔ መጥቼ አብረን እንመታዋለን» ብሎኛል። መቼ እንደሚመጣ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

ባለቤቴ ሰሞኑን ትዕግሥቱ አለቀ። «አንቺ ሴት፣ ወይ ራሳችን እንምታው ወይ ሠራተኛ ልጥራ፣ እስከ መቼ ነው የምናየው?»

«አልቦካም ገና» አልኩት።

«ጂፕሰም ይቦካል እንዴ?» አለኝ፤ ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርኩ።