በካርታው ላይ ያልነበረው የባንቻየሁ ማሳ

ጥሩዬ ዳባት ውስጥ የገበሬዎችን ማሳ በካርታ ላይ ለሚያሰፍር አንድ ፕሮጀክት ስትሠራ አራት ዓመት ሆኗት ነበር። ቀያሾች በጂፒኤስ የለቀሙትን ነጥብ ወደ ኮምፒውተር ታስገባለች፣ ታስተካክላለች፣ አትማ ለሕዝብ እይታ ትልካለች። የምትሠራበት የካርታ ሶፍትዌር ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ በነፃ የሚወርድ ነው። አለቃዋ አቶ ያርጋል፣ አንድ ነገር እምቢ ባለ ቁጥር «ነፃ ነገር እንዲህ ነው» ይላል።

በ2008 ዓ.ም. የካቲት ላይ ካርታው በቀበሌው አዳራሽ ተለጠፈ። ቅሬታ ያለው በሠላሳ ቀን ውስጥ ማቅረብ ነበረበት። በሃያ ስድስተኛው ቀን፣ ባሏ የሞተባት ባንቻየሁ የምትባል ገበሬ ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ቢሮው ገባች።

«ልጄ፣ ማሳዬን የት አደረስሽው?»

«የት ይሄዳል እትዬ ባንቻየሁ? ይኖራል።»

«ጎረቤቶቼ በአራቱም በኩል ተሥለዋል። መካከሉ ነጭ ነው። የባሌ ወንድም አይቶ ሳቀብኝ። ባለቤት የለውም ብሎ ሊያስመዘግበው ነው።»

ጥሩዬ ፋይሉን ከፈተች። የባንቻየሁ ነጥቦች ሁሉም አሉ። ማሳዎቹን ከነጥብ ወደ ካርታ በሚያሳልፈው የሶፍትዌሩ መሣሪያ ውስጥ የገቡት ግን አራት መቶ አሥራ ሁለት ሲሆኑ የወጡት አራት መቶ አምስት ናቸው። መሣሪያው የዚያን ዕለት በአረንጓዴ ጽሑፍ «ተጠናቋል» ብሎ ነበር፤ እሷም አምናው ሳትቆጥር አሳተመች። የጠፉት ሰባቱም በአንድ ጎጥ ያሉ፣ ድንበራቸውን የጎጡ ሽማግሌ ጋሽ አሻግሬ ቀያሹን እየመሩ ያስለኩላቸው ናቸው።

በማግሥቱ ባንቻየሁን ይዛ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄደች።

«ዞረው ሲጨርሱ መጀመሪያው ድንጋይ ላይ ቆሙ እንዴ ጋሼ?»

«ምን ነካሽ? እዚያ ከቆምኩ ድንበሩ ልቅ ሆኖ ይቀራል። አልፌው፣ በውስጥ ሦስት እርምጃ፣ ተሻግሬ በውጭ ሦስት እርምጃ። አባቴም ድንበሩን እንደ ገመድ እንዲሁ ቋጥረው ነበር የሚያስሩ። ያ ቀያሽሽ ጨዋ ልጅ ነው፤ ሳይጠይቅ ተከተለኝ።»

ጥሩዬ ቢሮ ተመልሳ የማሳውን ጥግ አጉልታ አየችው። መስመሩ ራሱን አቋርጦ ጆሮ የመሰለ ትንሽ ቀለበት ሠርቷል። መሣሪያው ራሱን የሚያቋርጥ ቅርፅ አይቀበልም፤ ጥሎት ያልፋል፣ መጣሉን ግን ለማንም አይናገርም። ሰባቱን ቀለበት አንድ በአንድ ቆረጠች። ስህተቱን ለያርጋል ራሷ ነገረችው። እሱም ተቆጣ፣ ፈረመ። አዲሱ ካርታ በሃያ ዘጠነኛው ቀን ተለጠፈ፤ የባንቻየሁ ባል ወንድም በሠላሳኛው ቀን ማመልከቻውን በእጁ ይዞ መጥቶ፣ ግድግዳውን ለረጅም ጊዜ አይቶ፣ ወረቀቱን አጥፎ ሄደ።

ጥሩዬ ግን አልቀለላትም። ባንቻየሁ በእግሯ ባትመጣስ ኖሮ?

ለሶፍትዌሩ ሠሪዎች ደብዳቤ ስትጽፍ ያርጋል ከጀርባዋ ቆመ።

«ደግሞ ለፈረንጅ ክስ?»

«ክስ አይደለም። የጣለውን ይንገረን ነው የምለው።»

«የአሻግሬን ነገር እንዴት ብለሽ ታስረጂያቸዋለሽ?»

እንግሊዝኛው ሦስት ቀን ፈጀባት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሠሪዎቹ አንዱ፣ አይታው የማታውቀው ሰው፣ ምሳሌ እንድትልክለት ጠየቃት፤ የማንም ስም የሌለበት አንድ ቅርፅ ላከች። ከዚያ ሌላ መልስ አልመጣም። ክረምቱ ሲወጣ አዲሱ የሶፍትዌሩ እትም ወረደ።

ባንቻየሁ የይዞታ ደብተሯን ልትወስድ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። ከደብተሩ ጋር በተያያዘው ካርታ ላይ ድንበሯን በጣቷ ዞረችና የመጀመሪያው ድንጋይ ባለበት ቆመች።

«የአሻግሬ ማሰሪያስ?»

«ቆረጥኩት እትዬ።»

«ቢሰማ ይቀየምሻል።»

ጥሩዬ የድሮውን ፋይል አውጥታ በአዲሱ መሣሪያ አሳለፈችው። ከአረንጓዴው ጽሑፍ በታች አንድ ቢጫ መስመር ወጣ፦ ሰባት ቅርፆች ታልፈዋል። መስመሩን ስትነካው ሰባቱ ተዘረዘሩ፤ ሦስተኛውን ስትነካ የባንቻየሁ ማሳ ከነቀለበቱ ስክሪኑን ሞላው።

ባንቻየሁ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች።

«እንኳንም አሳየሽኝ» አለች። «አሻግሬ ለእኔማ አጥብቆ ነበር ያሰረልኝ።»