የበያጁ ኮምፒውተር

በያጁን ሰፈርተኛው የሚጠራው «ጠመኔ» እያለ ነው። ከጆሮው ላይ ጠመኔ ጠፍቶ ስለማያውቅ የወጣለት ቅጽል ነው። በር የሚያሠራ ሰው ሲመጣ ጠመኔውን ከጆሮው መዘዝ አድርጎ፣ ሲሚንቶው ወለል ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ በሩን ከነማጠፊያው ከነመቀርቀሪያው ቁልጭ አድርጎ ይስላል። ስዕሉን ያየ «አሁን ከፍተን እንግባ ወይ?» እያለ ይቀልድበታል።

አንድ ቀን ባልና ሚስት ትልቅ የግቢ በር ሊያሠሩ ቀጠሩት። በሩ ሰፊ ስለሆነ ወርክሾፑ ውስጥ አልበቃ ብሎት ደጅ ወጥቶ አስፋልቱ ዳር ሳለው። ከነቅጠሉ፣ ከነሐረጉ ጨርሶ ወገቡን ሲያቃና ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ ወረደ። ደንበኞቹ ከመኪናቸው ሲወርዱ በሩ በውሃ ተጠርጎ ወደ ቱቦው እየወረደ ነበር። ጠመኔ በእጁ አየር ላይ እየሳለ ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ «እዚህ ጋ ሐረግ አለ፣ ሐረጉ እንዲህ ይታጠፍና...» ሴትዮዋ በትሕትና አዳመጠችው። ከዚያ ወደ ባሏ ዘወር ብላ፣ «ያኛው በያጅ በኮምፒውተር ነው ያሳየን አይደል? ቀለሙን ሳይቀር» አለች። አመስግነውት ሄዱ።

ቤት ገብቶ ለሚስቱ ሲነግራት ፊቱ ጭፍግግ ብሎ ነበር። ሚስቱ ነርስ ናት፤ የሰውን ሕመም ሰምታ ሳትደነግጥ መድኃኒቱን መናገር ለምዳለች።

«ታዲያ አንተስ ለምን አትገዛም?» አለችው።

«በዚህ ዕድሜዬ ኮምፒውተር?»

«በዚህ ዕድሜህ መሰላል ላይ ትንጠላጠል የለም እንዴ። ለሶፋ ያስቀመጥነው ገንዘብ አለ።»

«ሶፋውስ?»

«አሮጌው ገና አልጣለንም። ሲጥለን እናስብበታለን።»

በማግስቱ ወርክሾፑን ለረዳቱ ትቶ ወደ ኮምፒውተር ሱቅ ሄደ። የሱቁን ተንሸራታች በር የሠራው እሱ ስለነበር ከባለ ሱቋ ጋር ይተዋወቃሉ። ቀልጠፍ ያለች፣ ሰው ሲያወራት የብሎን መፍቻዋን በጣቶቿ መሃል የምታሽከረክር ወጣት ሴት ናት። ተገጣጥሞ ያለቀውን ኮምፒውተር ዋጋ ሲሰማ ጠመኔ ኪሱን ዳበሰ። ነገሩ ገባት።

«ጋሼ፣ ያለቀለት ውድ ነው። ዕቃ ዕቃውን መርጠው እርስዎ ቢገጣጥሙት ግን ይቀንስልዎታል። ከባድ አይደለም።»

መገጣጠም የሚለውን ቃል ሲሰማ ነፍሱ መለስ አለች። ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራ የኖረው እሱን አይደል።

ግን ዓይኑ ወዲያው ሌላ ነገር ላይ አረፈ። መስታወቱ ውስጥ ሦስት ማራገቢያ ያለው፣ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያበራ ግራፊክስ ካርድ ተቀምጧል። «ይቺ ምንድን ናት?» አለ፣ ልክ አራስ ልጅ እንዳየ ሰው። ባለ ሱቋ ሳቀች።

«እሷ የጌም ምስል ማፍጠኛ ናት። እርስዎ ምን ሊሠሩበት ነው?»

«በር ልስልበት።»

«በር ለመሳል የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ፣ በራሱ ያለው የምስል አቅም ይበቃዎታል። ይቺን ከገዙ ከሌላው ዕቃ ምንም አይገዙም፤ ይቺኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው መብራቷን ሲያዩ ነው የሚያመሹት።»

ጠመኔ ትንሽ ተከራከረ፤ ልቡ ግን እሷ ልክ መሆኗን አውቋል። ፓወር ሰፕላይ ላይ ሲደርሱ እሱ ርካሹን አነሳ፤ ሳጥን ከሳጥን ምን ይለየዋል ብሎ። እሷ አስቀመጠችው። «ሌላው ላይ ይቆጥቡ፣ እዚህ ላይ አይቆጥቡ። ኤሌክትሪኩን ለሁሉም የሚያካፍለው እሱ ነው። እሱ ሲበላሽ ብቻውን አይሞትም፤ ሌላውንም ይዞ ነው የሚሄደው።» ይህን ለበያጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ኃይል አንሶ የብየዳ ማሽኑ ሲያቃስት፣ ብየዳውም ውሃ እንደበዛበት ሊጥ ሳይዝ ሲቀር ስንት ጊዜ አይቷል። ሁነኛውን ወሰደ። የኮምፒውተሩን ማስታወሻ ራሙንና ፋይል ማስቀመጫውን ኤስኤስዲውንም እዚያው ገዛ። ዕቃው ሁሉ የሚሰካበትን ማዘርቦርዱንና ፕሮሰሰሩን ግን «ላስብበት» ብሎ ወጣ።

ባያስብ ይሻለው ነበር። ወደ ቤቱ ሲመለስ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት መንገድ ላይ አንድ ነጋዴ ጠራው። ፕሮሰሰር አለው፤ ዋጋው ደግሞ ለጆሮ የሚጣፍጥ ነው። ነጋዴው «ይሄ ፈረስ ነው» አለው። ጠመኔ አላወላወለም። በመሐረብ ጠቅልሎ፣ ደረት ኪሱ ከትቶ፣ ሰው እንዳይገፋው መንገዱን ጥግ ጥጉን እያለ ቤቱ ገባ።

ባለ ሱቋ በበነጋታው መሐረቡን ፈትታ ፕሮሰሰሩን አገላብጣ አየችው። ጠመኔ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ጠየቃት።

«ሞቷል?»

«አልሞተም፤ ጎበዝ ነው። ግን እኔ ጋ ካሉት አዳዲስ ቦርዶች አንዱም ላይ አይገባም። መቀመጫው ሌላ ነው።»

ለሌላ በር የተሠራ ማጠፊያ ይዞ እንደመጣ ገባው። ነጋዴው ጋ ተመልሶ ሄደ፤ ነጋዴው ግን ፈረሱን ከሸጠ በኋላ ልጓሙ አይመለከተኝም ዓይነት ሰው ሆኖ ተገኘ። ጠመኔ ቅስሙ ተሰብሮ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለ። የሶፋውን ብር በገዛ እጄ አቃጠልኩት እያለ ነበር። ባለ ሱቋ ግን ከጓዳ እስከ መደርደሪያ ስታምስ ቆይታ፣ አቧራ የለበሰ ያገለገለ ማዘርቦርድ ይዛ ብቅ አለች። ፕሮሰሰሩን አስቀመጠችው፤ ልክክ አለ።

«ይኸው፤ ለቁልፉ ሲባል በር ተገዛ» አለች።

ጠመኔ ከዝናቡ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀው እዚህ ላይ ነው። የሞኒተሩ፣ የኪቦርዱና የማውሱ ሲከፈል ግን ለኬዝ የሚሆን ሳንቲም አልተረፈም። «ኬዝ ማለት ዕቃዎቹ የሚቀመጡበት ሳጥን ነው አይደል? የብረት ሳጥን?» ሲል ጠየቃት። አዎ አለችው። «እንግዲያ እሱን ለእኔ ተይው» ብሎ ደረቱን ነፍቶ ወጣ።

የቦርዱን ቀዳዳዎች በወረቀት ላይ ገልብጦ፣ ላሜራ ቆርጦ፣ አጥፎ በየደ። ቦርዱ ብረቱን እንዳይነካ ከሥሩ ትናንሽ እግሮች እንዲያደርግ ባለ ሱቋ ደጋግማ ነግራዋለች፤ አደረገ። አየር እንዲገባም ጎኑ መበሳት አለበት ብላዋለች። ጠመኔ ጎን ሲበሳ ዝም ብሎ አይበሳም፤ ለሳሎን መስኮት እንደሚሠራው ሐረግ ፍርግርግ ሠራለት። ጸረ ዝገት ቀባው፣ ከላይ አረንጓዴ ቀለም ደረበለት። ጥፋቱ የላሜራው ውፍረት ነበር፤ ከግቢ በር የተረፈ ነው። ረዳቱን አጋዥ አድርጎ ለሁለት ተሸክመው ቤት ሲያስገቡት ነርሷ በሩን ከፍታ ያዘችላቸው።

«ካዝና ነው ወይስ ኮምፒውተር?»

«ያው ነው፤ ብራችን ውስጡ አይደል ያለው» አላት እያለከለከ።

እሑድ ከሰዓት የምግብ ጠረጴዛውን አጽድተው ሥራ ጀመሩ። እሱ ይገጥማል፣ እሷ ብሎን ታቀብላለች። ብረት የሚጠመዝዙት እነዚያ ጣቶቹ ዕቃዎቹን ሲይዙ ቢራቢሮ የያዙ ይመስሉ ነበር። በመጨረሻ ሶኬቱን ሰካና ማብሪያውን ተጫነው። ማራገቢያው ዞረ። ነርሷ በፍርግርጉ የሚወጣውን አየር በእጇ ዳሰሰች፤ ጠመኔ ሞኒተሩ ላይ አፈጠጠ። ሞኒተሩ ጥቁር ነው። አጠፋ፣ አበራ፤ ጥቁር ነው።

ባለ ሱቋ ዘንድ ደወለ። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ጋሼ፣ ራሙን ሲሰኩት ቀጭ ብሏል?» የሚል ነበር።

«እኔ እንዳይሰበር ብዬ... ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት።»

«ማስቀመጥ አይደለም፤ ያጥፉትና በሁለቱም ጫፍ በደንብ ይጫኑት።»

ሶኬቱን ነቅሎ አውራ ጣቱን ራሙ ላይ አሳረፈ፤ መጫን ግን አቃተው። መዶሻ የለመደ እጁን አላመነውም። «ብሰብረውስ?» አለ። ነርሷ በክርኗ ገፋ አደረገችውና ቦታውን ያዘች። «መርፌም እንዲሁ ነው» አለች፤ «የወጊው እጅ ከፈራ ታማሚው ይበልጥ ያመዋል።» ጫን አደረገችው። ቀጭ። በሌላውም ጫፍ፤ ቀጭ።

ማብሪያውን በዚህኛው ዙር የተጫነችውም እሷ ናት። ሞኒተሩ ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቅ አለ። የጽሑፉን ትርጉም ከሁለቱ አንዳቸውም አላወቁም፤ ግን ጎን ለጎን ቆመው እንደ ምሥራች አነበቡት። ስልኩ ሳይዘጋ ቀርቶ ኖሮ ባለ ሱቋ ከወዲያ «መጣ?» ስትል ተሰማ። «መጣ» አለ ጠመኔ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

መሳል ግን ወዲያው አልሆነለትም። ማውሱ እንደ ፌንጣ እየዘለለ ሳምንታት አስቸገረው፤ የሠራው የመጀመሪያ በር ከላይ ሰፍቶ ከታች ጠቦ የቆመ እንጉዳይ ይመስል ነበር። እየዋለ እያደረ እጁ ገራ።

አሁን ደንበኞቹ አሮጌው ሶፋ ላይ ተቀምጠው በራቸውን ያያሉ። በቅርቡ የመጡ አንድ ጡረተኛ እናት በራቸው ላይ ሁለት አንበሳ ካልሆነ አይሆንም ብለው ነበር። ጠመኔ ሁለት አንበሳ ሳለላቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ልጄ፣ እነዚህ አንበሶች የጎረቤቴን ባል ይመስላሉ» አሉ። «አውጣልኝ፤ አበባ አድርግልኝ።»

አንበሶቹን በአንዲት ቁልፍ አጠፋቸው። አንድም ብረት አልተቆረጠም። ሴትዮዋ አበባውን ወደዱት፤ ቀለሙን ሦስት ጊዜ አስቀያየሩት፤ ተመልሰው የመጀመሪያው ይሁን አሉ። ነርሷ ከሥራ ስትገባ ሁለቱም ሞኒተሩ ላይ አቀርቅረው ስለ አበባው ግንድ ውፍረት ሽንጣቸውን ገትረው ሲከራከሩ አገኘቻቸው። ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ ወንበር ስባ፣ እሷም ክርክሩ ውስጥ ገባች።