ኤዶ የተሳፈረችባት መርከብ

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ወጥቼ አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር። አስተናጋጇ አንድ ጣሳ ሙሉ የለስላሳ ቆርኪ ይዛ መጣችና ደጅ ካለው በርሜል ውስጥ ገለበጠችው። ያን የቆርኪ ኳኳታ ስሰማ እጄ ሳላዘው ተዘረጋ። ተራዬ የደረሰ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ብቻዬን መሳቅ ጀመርኩ፤ አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ። ነገሩ ረጅም ነው፤ ግን አንቺ ካልቸኮልሽ ልንገርሽ።

በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት የተዘጋ ጊዜ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ጅጅጋ መሃል ከተማ ጨርቅ ይሸጥ ነበር፤ ቤታችን ትልቅ የኒም ዛፍ ያለበት የጋራ ግቢ ውስጥ ነው። ከጎናችን የሚኖሩት ጎረቤታችን የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፤ ልጃቸው እኩያዬና የልብ ጓደኛዬ ናት። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ የመካኒኩ ልጅ አለ። ሁልጊዜ የሞተር ዘይት ይሸታል፤ ሁልጊዜም ይከራከራል።

ጓደኛዬ አጎቷ ከሐርጌሳ ያመጣላት፣ ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ነበራት። የሚያወራው በከዋክብት መካከል ስለምትጓዝ አንዲት ትልቅ መርከብ ነው። ሰዎቹ እዚያው ተወልደው እዚያው ያረጃሉ፤ አሁን ግን ውሃቸው እያለቀ ነው። ከሦስታችን እንግሊዝኛ የምትችለው እሷ ስለሆነች እያነበበች በአማርኛ ትተርክልናለች። ታሪኩ ሲጦፍ ሳይታወቃት ወደ ሶማሊኛ ትገባለች፤ እኛም "በአማርኛ! በአማርኛ!" ብለን እንጮኻለን።

አንድ ቀን የመካኒኩ ልጅ አቋረጣት። "እኔ ብሆን በዚያ በር አልገባም።"

"ታዲያ ምን ታደርጋለህ?" አለችው።

ጨዋታው የተጀመረው እንዲህ ነው። ማታ ጓደኛዬ ይህን ውጭ አገር ላለው ወንድሟ በስልክ ስትነግረው ሳቀባት። እንዲህ ያሉ ልብ ወለዶችን ወደ ጨዋታ ለውጠው ጠረጴዛ ዙሪያ የሚጫወቱ ሰዎች እንዳሉ፣ አንዱ ታሪኩን እየመራ ሌሎቹ እንደ ገጸ ባሕርይ እየሆኑ እንደሚወስኑ አስረዳት። በማግሥቱ አንድ ደብተር ሙሉ ሕግ ጽፋ መጣች። እያንዳንዳችን አሥር ነጥብ ተሰጠን፤ ለጉልበት፣ ለዕውቀትና ለአንደበት የምናካፍለው። እኔና የመካኒኩ ልጅ ጉልበት ላይ ከመርን። ሃያ ቆርኪ ሰብስበን ውስጣቸው ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር ጻፍንባቸው፤ የምናደርገው ነገር መሳካት አለመሳካቱን የሚወስነው ከጣሳው ሳናይ የምናወጣው ቁጥር ነው። ቆርኪዎቹ ለሳምንታት ብርቱካን ብርቱካን ይሸቱ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከካራማራ በኩል የሚመጣው ነፋስ አቧራውን ይዞ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ፣ የኒሙ ጥላ እየረዘመ ሲሄድ፣ እኛ ምንጣፋችን ላይ ሆነን ከዋክብት መሃል ነበርን። እንደዚያ ስቄ አላውቅም። የመካኒኩ ልጅ የመርከቧን ሞተር ሊጠግን ብሎ የሰዉን ሁሉ መኝታ ቤት በጭስ ሲሞላው ትዝ ይለኛል። እኔም በስህተት የራሴን ካፒቴን ቆልፌበት ሁለት ቀን ረስቼዋለሁ።

ችግሩ የመጣው ለመርከቧ ውሃ የሚሆን በረዶ ያለበት ጣቢያ ላይ ስንደርስ ነው። ጣቢያውን የሚጠብቀው ፊት የሌለው፣ ቋንቋ የማያውቅ ፍጡር ነው። መጽሐፉ ውስጥ ካፒቴኑ በረዶውን በኃይል ሊወስድ ይሞክርና ግማሹ የመርከቧ ሰው ያልቃል። እኛም ተዋግተን ሞትን። በማግሥቱ ተዋግተን ሞትን። በሦስተኛው ቀን የመካኒኩ ልጅ ሃያ ቁጥርን አወጣ፤ ከዚያ የሚበልጥ ቁጥር የለም። እንደዚያም ሆኖ ጓደኛዬ ራሷን ነቀነቀች።

"መጽሐፉ ላይ ይሞታሉ" አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ግን አልተበገረችም። "የጻፈውን ሰውዬ ውሸታም ላደርገው አልችልም።"

"እንግዲያው ብቻሽን አንብቢው!" ብሎ የመካኒኩ ልጅ ጣሳውን በእግሩ መታው። ቆርኪው በግቢው ሁሉ ተበተነ። እሱ አጥሩን ዘሎ ሄደ። እኔ ቆርኪውን ከአቧራ ውስጥ እየለቀምኩ፣ ጨዋታችን እዚህ ላይ አበቃ አልኩ ለራሴ።

ኤዶ የተናገረችው ያኔ ነው። ኤዶ የጓደኛዬ አክስት ናት፣ የአባቷ እህት፤ እኛም እንደ እሷ በሶማሊኛው ኤዶ ነበር የምንላት። ጠዋት ከቱሊ ጉሌድ የግመል ወተት ይዛ ትመጣና ሸጣ ስትጨርስ፣ ባዶ ጀሪካኖቿን ከኒሙ ሥር ደርድራ ፀሐይ እስኪበርድ ታርፋለች። ጭስ ጭስ የሚለው የወተት ሽታ ከእሷ አይለይም። የተኛች ነበር የሚመስለን። ለካ ለሦስት ሳምንት ሙሉ ስታዳምጥ ኖራለች።

"ለምን አታናግሩትም?" አለች።

"ኤዶ፣ ቋንቋ አያውቅም እኮ" አልኳት።

"እጅ የለውም?"

ጓደኛዬ መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አደረገች። "እጅማ አለው።"

"ሐዬ፣ እሺ" አለች ኤዶ፣ ተነስታ እየተቀመጠች። "እኔም ልግባ። ያ ነጥብ የምትሉትን ስጡኝ። ሁሉንም ለምላስ አድርጉልኝ።"

የመካኒኩ ልጅ ከአጥሩ በላይ አንገቱን ብቅ አደረገ። ሩቅ አልሄደም ነበር።

የኤዶ አባት ጉናጋዶ ገበያ የግመል ደላላ ነበሩ። እዚያ ዋጋ በአፍ አይጠራም፤ ሻጭና ገዢ እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው በጣት ይነጋገራሉ። ኤዶ ልጅ ሆና ከአባቷ ጎን ቆማ ተምራዋለች። ለጓደኛዬ በጆሮዋ በሶማሊኛ አንሾካሾከችላት፤ የትኛው ጣት ምን እንደሆነ መሰለኝ። ከዚያ የትከሻዋን ሻሽ አውልቃ የራሷንና የጓደኛዬን እጅ ሸፈነችበት።

ከጨርቁ ሥር የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ብቻ እናያለን። ጓደኛዬ መጀመሪያ ፊት የሌለውን ፍጡር ለመምሰል ኮስተር ብላ ነበር። ትንሽ ቆይታ ቅንድቧ ተነሳ። ከዚያ ከንፈሯን ነከሰች። ኤዶ ራሷን ነቀነቀች፤ እጇን መንጭቃ አወጣችና ጀሪካኖቿን ሰብስባ ልትሄድ ተነሳች።

"ቆዪ!" አለ ፍጡሩ፣ ቋንቋ የማያውቀው።

በሳቅ ፈነዳን። የመካኒኩ ልጅ ከአጥሩ ላይ ሊወድቅ ነበር። ኤዶ ግን አልሳቀችም፤ ተመልሳ ተቀመጠችና እጇን አስገባች። ቀስ እያለ የጓደኛዬ ፊት ተለወጠ። እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም፤ ብዙ ቀን ተሸክሞት የኖረውን ነገር እንዳወረደ ሰው ሆነች።

"ሰጥቷል" አለች በመጨረሻ። "በረዶውን ሰጥቷል። ማንም አልሞተም።"

"ምን ሰጥተሽው ነው?" ብለን ኤዶን ከበብናት።

"እናንተ እንድትሰሙት ብፈልግ ለምን እሸፍነዋለሁ?" አለችና ሻሿን አራግፋ ለበሰችው። ያን ቀን ጓደኛዬ እርሳስ አንስታ፣ ካፒቴኑ የሚሞትበት ገጽ ጥግ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። አላሳየችንም።

ከዚያ በኋላ አራት ሆንን። ኤዶ መሣሪያ ይዛ አታውቅም፤ ግን ካለ እሷ የትም አንወርድም። አንድ ጊዜ አንድ ቁጡ ንጉሥን ስለ ጤንነቱ ብቻ እየጠየቀች አስተኝታብናለች።

ትምህርት ቤት በተከፈተ በሁለተኛው ወር የጓደኛዬ አባት ሥራቸው ወደ ጎዴ ተዛወረ። ዕቃቸው በአይሱዙ ተጭኖ የሄደበትን ጠዋት ብዙ አላወራልሽም። መጽሐፉንም ይዛው ሄደች፤ የእሷ ነውና። እነሱ የነበሩበት ቤት ተቆለፈ። ኤዶ ከእንግዲህ የምታርፍበት ቤት ስለሌላት አትመጣም ብዬ ነበር።

በሳምንቱ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከኒሙ ሥር ተቀምጣ አገኘኋት።

"ኤዶ፣ መጽሐፉ እኮ የለም" አልኳት።

"አፍ አለሽ አይደል?"

መምራት ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ ያልተጻፈ ፕላኔት፣ ያልተጻፈ ሕዝብ ከየት እንደማመጣ አላውቅም ነበር። የመካኒኩ ልጅም እንደ ልማዱ እየተከራከረ ስህተቴን ያርምልኛል። እንደዚያ እያልን ስንሄድ አንድ ቀን ስልኬ ጠራ። ጓደኛዬ ናት። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ድምፅ ከፍ አድርጌ ስልኩን መሃላችን አስቀመጥኩት። የት እንደደረስን ነገርኳት።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። "ይሄ መጽሐፉ ውስጥ የለም" አለች።

"አዎ፣ የለም።"

ያን ሁሉ ጊዜ እሷ መሪ ስለነበረች አንድ ቀን እንኳ የራሷ ሰው ኖሯት አልተጫወተችም፤ ይህን ያስተዋልኩት ያኔ ነው። አሁን ጎዴ ትዳር ይዛለች፤ አልፎ አልፎ እንደዋወላለን፤ ወደ ጅጅጋ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰችም።

"እኔም ልግባ?" አለች ያን ቀን በስልኩ፣ በቀጭን ድምፅ። "ቦታ አለ?"

እኔ አፌን ሳልከፍት ኤዶ ቀደመችኝ። "ካሌይ" አለቻት፤ ነይ ማለቷ ነው። ከዚያ ጀሪካኖቿን ወደ ዳር ገፋ አድርጋ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ምንጣፉ ላይ ጠጋ አለችላት።