ያልመለስኩት ሰላምታ

ባጃጅ ደብረ ማርቆስ ከመግባቱ በፊት፣ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ፣ በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ውሹ የሚባለውን የቻይና ስፖርት መሰልጠን ጀመርኩ። ሴቶች ሁለት ብቻ ነበርን። ጎረቤቶቻችን «የቄሱ ልጅ ካራቲስት ሆነች» ብለው አሙኝ። ውሹና ካራቴ አንድ እንዳልሆኑ ለማስረዳት በሞከርኩ ቁጥር ሐሜቱ ባሰ። ስለዚህ ተውኩት፤ ማስረዳቱን ማለቴ ነው።

አባቴ አልከለከሉኝም። ያልወደዱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልምምድ ስንጀምርና ስንጨርስ የተጨበጠ ቀኝ እጃችንን በግራ መዳፋችን ላይ ገጥመን፣ ጎንበስ ብለን ለአሰልጣኛችን የምንሰጠውን ሰላምታ።

«ቤተ ክርስቲያን ስትሳለሚ እንኳ ይህን ያህል አትጎነብሺም» አሉኝ።

«አክብሬሃለሁ ማለት እኮ ነው፣ አባባ።»

«አይ! እኔ አባትሽ ይህ ክብር መቼ ደርሶኝ ያውቃል?»

በዚያው ዓመት ጉልበታቸው ከዳቸው። ቅዳሴ ቆሞ መጨረስ አቃታቸው። ጠበሉንም ሞከሩ፣ ሐኪም ቤት የሰጣቸውንም ክኒን ዋጡ። ከመቅደስ ቀርተው መቋሚያቸውን ተደግፈው ከውጭ ድንጋይ ላይ ይቀመጡ ጀመር። ዕድሜ ልካቸውን የቆሙበት ቦታ ነው የቀረባቸው።

አንድ ቀን ማለዳ ጓሮ ስለማመድ ከደጃፍ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ይቺ ዝግ ያለችዋ እንቅስቃሴ ለሽማግሌ ትሆናለች?» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት፣ ጸሎታቸውን ካደረሱ በኋላ፣ ጌሾው አጠገብ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ይቆማሉ። ጉልበትን ለቀቅ ማድረግ፣ ክብደትን ቀስ ብሎ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማሳለፍ፣ በአፍንጫ መተንፈስ። እግር ከፍቶ ጉልበት አጥፎ መቆምን፣ «የፈረስ አቋቋም» የሚባለውን፣ ሳሳያቸው «ፈረሱንስ ማን ሰረቀው?» ብለው ሳቁ። ቤት ውስጥ ቀና ብዬ የማላያቸውን ሰው ጓሮ ላይ «ትንፋሽዎን አይያዙ!» እያልኩ እቆጣቸው ነበር። ስንጨርስ ጎንበስ ብዬ ሰላምታውን እሰጣቸዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ አልመለሱልኝም። እጃቸውን እያወዛወዙ «ይበቃል፣ ይበቃል» ይላሉ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ወራት አለፉና በደብሩ ንግሥ ዕለት አባቴ መቅደስ ገቡ። እኔ በሴቶች በኩል ቆሜ ቅዳሴውን ሳይሆን ጉልበታቸውን ነበር የማስበው። እስከ መጨረሻው ቆሙ።

ሲወጡ ሴቶች መስቀል ሊሳለሙ ከበቧቸው። በሰው ራስ ላይ አሻግረው አዩኝ። መስቀሉን ኪሳቸው ከተቱ። ቀኝ እጃቸውን ጨብጠው በግራ መዳፋቸው ላይ ገጠሙና፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ለእኔ ጎንበስ አሉ።

«ውይ፣ አባ ምን ሆኑ?» አለች አጠገቤ የቆመች ሴት።

አፈርኩ። ነጠላዬን አፌ ድረስ ስቤ፣ እንዳላየ ሰው ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ። መለስ ብዬ ሳይ መስቀሉን አውጥተው ማሳለማቸውን ቀጥለዋል። ወደ ቤት ስንመለስ «ጉልበትዎ እንዴት ነው?» አልኳቸው። «ደህና ነው» አሉ። ስለሌላው ሁለታችንም አላነሳንም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ቀደሱ። ያንን ሰላምታ ግን ደግመው አልሰጡኝም፣ እኔም ይቅርታ አልጠየቅኩም። በየቀኑ እየተያየን፣ ነገ ይደርሳል እያልኩ፣ ሞት ቀደመኝ።

አሁን የራሴም ጉልበት መንቋቋት ጀምሯል። ጠዋት ጠዋት እዚያው ጌሾው አጠገብ እለማመዳለሁ። አባባ በጣም ይናፍቁኛል። ስጨርስ እሳቸው ይቆሙበት ወደነበረው ቦታ ዞሬ፣ እጄን ገጥሜ ጎንበስ እላለሁ። ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ይበቃል የሚለኝ የለም።